ዋጋውን ማን ነካው? ለፈንክሽን ዳታ ስትሰጡ ኮፒ፣ ሪፈረንስ ወይስ ግሎባል

ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ አካባቢ ላለ አንድ የጅምላ ሱቅ በፓይተን ትንሽ የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ የሱቁ ባለቤት ሃጂ ደወሉልኝ። «አቦ ልጄ፣ ዋጋውን ማን ነካው?» አሉኝ። «ኸረ ማንም አልነካውም ሃጂ» አልኳቸው። የይለፍ ቃሉን ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ እርግጠኛ ነበርኩ። ግን ጠዋት 1000 ብር የነበረው ካርቶን ፓስታ ማታ ላይ 857 ብር ከ38 ሳንቲም ይላል።

በማግስቱ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ሄጄ ከኮዱ ጋር ቁጭ አልኩ። ለቋሚ ደንበኛ 5 በመቶ የሚቀንስ አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም ስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ነበረኝ። የዋጋ ሊስቱን ይቀበላል፣ እያንዳንዱን ዋጋ ይቀንሳል፣ ደረሰኝ ያወጣል። እኔ የራሱን ሊስት ይዞ የሚሠራ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን እየሠራ የነበረው ዋናው ሊስት ላይ ነው። የዚያን ቀን ሦስት ቋሚ ደንበኞች መጥተዋል። 1000 ብሩ በመጀመሪያው 950 ሆነ፣ በሁለተኛው 902 ብር ከ50፣ በሦስተኛው 857 ብር ከ38። በመሃል የገባ ሌላ ገዢ ሁሉ በወረደው ዋጋ ገዝቶ ሄዷል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ኮዱ የጻፍኩትን ነው ያደረገው።

ኮድ የሚማሩ ልጆችም ሳቢያን ላይ ስንገናኝ ደጋግመው የሚያመጡልኝ ችግር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ፈንክሽን ውስጥ የተቀየረ ነገር ሌላ ቦታ ተቀይሮ ይገኛል፣ ወይ ደግሞ ይቀየራል ያሉት ሳይቀየር ይቀራል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ዳታን ለፈንክሽን ለማድረስ ያሉንን መንገዶች እያወዳደርኩ የትኛውን መቼ እንደምመርጥ ልንገራችሁ።

ቫሪያብሉ ደብተሩ አይደለም

ስንጀምር ቫሪያብል ማለት ሣጥን ነው ተብለን ነው የተማርነው። ለቁጥር ያስኬዳል፣ ለሊስት ግን ያሳስታል። ለፓይተን፣ ለጃቫስክሪፕትና ለጃቫ የተሻለው ሥዕል ይሄ ነው። ሱቁ መደርደሪያ ላይ አንድ የዱቤ ደብተር አለ። ቫሪያብሉ ደብተሩ ሳይሆን «ደብተሩ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው። ሪፈረንስ የሚባለው ያ ብጣሽ ነው።

ፈንክሽን ስትጠሩ ብጣሹን ገልብጣችሁ ታቀብሉታላችሁ። ደብተሩ ከመደርደሪያው አይንቀሳቀስም። አሁን ፈንክሽኑ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፣ ልዩነቱም ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ብጣሹን ተከትሎ ሄዶ ደብተሩ ላይ ቢጽፍ እናንተም ስትከፍቱት ያንኑ ታያላችሁ፣ ምክንያቱም ደብተሩ አንድ ነው። ብጣሹ ላይ ያለውን ሰርዞ «አምስተኛው መደርደሪያ» ብሎ ቢጽፍ ግን የሰረዘው የራሱን ብጣሽ ነው፣ የእናንተ ብጣሽ አሁንም ሦስተኛውን ነው የሚያሳየው።

ይህን አካሄድ በ1970ዎቹ የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ ሲኤልዩ የተባለውን ቋንቋ ሲሠሩ በመጋራት መጥራት ብለው ሰየሙት። ስሙ ደስ ይለኛል። ኮፒ ተሰጠ ወይስ ዋናው ተሰጠ የሚለው ክርክር ውስጥ ሳይገባ የሆነውን ይናገራል፣ ሁለት ሰው አንድ ደብተር ተጋራ።

ፓይተን ላይ ልዩነቱ አንድ ምልክት ላይ ሊያርፍ ይችላል። ፈንክሽን ውስጥ የተቀበላችሁትን ሊስት ወስዳችሁ «ሊስት እኩል ይሆናል ሊስት ሲደመር አዲሱ ዕቃ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አዲስ ሊስት ይሠራል፣ የጠሪው አይነካም። የመደመርና የእኩል ምልክቱን አጣብቃችሁ ብትጽፉት ደግሞ ዋናው ሊስት ላይ ይጨመራል፣ ጠሪውም ያየዋል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ። አንድ ተማሪዬ ይሄን ሲፈልግ ሁለት ቀን ጨርሷል፣ አልፈርድበትም።

ቁጥር፣ ስትሪንግ ማለትም ጽሑፍ፣ እንዲሁም ተፕል ማለትም የማይለወጥ ሊስት (ውስጡ የሚለወጥ ነገር ከሌለበት) ላይ ይሄ ጣጣ የለም። እነሱ እንደታተመ ደረሰኝ ናቸው፤ ተሰርዞ አይታረምም፣ ካስፈለገ ሌላ ይቆረጣል። ስለዚህ ተጋሩትም አልተጋሩትም ማንም አያበላሽባችሁም። ጥንቃቄው ለሊስት፣ ለዲክሽነሪ (በስም የሚፈለግ መዝገብ)፣ ለሴት (ድግግሞሽ የሌለበት ስብስብ) እና እናንተ ራሳችሁ ለሠራችኋቸው ኦብጀክቶች ነው።

ቋንቋው ይለያያል

የምትጠቀሙበት ቋንቋ ምን እንደሚያደርግ ካላወቃችሁ ምርጫው የናንተ አይሆንም። ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በሲ ፕላስ ፕላስ ነው የጀመርነው። እዚያ ቋንቋው ራሱ ምረጡ ይላችኋል። ፓራሜትሩን፣ ማለትም ፈንክሽኑ ዳታ የሚቀበልበትን ስም፣ ዝም ብላችሁ ከጻፋችሁ ሙሉ ኮፒ ይሠራል፣ ቬክተርም (የሲ ፕላስ ፕላስ ሊስት) ቢሆን ከነዕቃው ይገለበጣል። የአምፐርሳንድ ምልክቷን ከጨመራችሁ ዋናውን ነው የሚያገኘው። ምልክቷ ላይ ኮንስት ካከላችሁበት ደግሞ ዋናውን ያያል ግን አይነካም። ይህ ሦስተኛው በጣም ምርጥ ነገር ነው፣ ሌሎቹ ቋንቋዎች ሁሉ ቢኖራቸው እወድ ነበር።

ሲ ላይ የሚሰጠው ሁልጊዜ ኮፒ ነው። ዋናውን ማስነካት ከፈለጋችሁ አድራሻውን ራሱን ነው የምትሰጡት። ከተጠቃሚ ግብዓት የሚያነበው ስካንኤፍ ላይ ከቫሪያብሉ በፊት ለምን አምፐርሳንድ እንደምናደርግ ሳይገባን የሸመደድነው ለዚህ ነበር። ስካንኤፍ ያነበበውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ማወቅ አለበት፣ አድራሻ ካልሰጣችሁት የት ይጽፋል? አሬይ ላይ፣ ማለትም ተከታታይ የዕቃ ዝርዝር ላይ፣ ግን ሲ የመጀመሪያውን ዕቃ አድራሻ ነው የሚያቀብለው፣ ስለዚህ ፈንክሽኑ አሬዩን ከነካ ዋናው ተነካ።

ፒኤችፒ ብዙ ሰው ያወዛግባል። አሬይ ስትሰጡት እንደ ኮፒ ነው የሚታየው፣ የውስጥ አሠራሩ ግን እስኪቀየር ድረስ አይገለብጠውም፣ ስለዚህ ሜሞሪ አያባክንም። ኦብጀክት ስትሰጡት ደግሞ ዋናውን ነው የሚጋራው። ከፓይተን ወደ ፒኤችፒ የሄደ ሰው አሬዩ ሳይቀየር ሲቀር ግራ ይጋባል። ከፒኤችፒ ወደ ፓይተን የመጣ ደግሞ እንደኔ ስልክ ይደወልለታል።

ፐርል የቆየ ሲስተም የሚጠግን ካልሆነ ዛሬ ብዙ ሰው አይነካውም፣ ግን አንድ ነገር ልናገር። እዚያ ሁለት አሬይ ለአንድ ንዑስ ፕሮግራም ብትሰጡ ተደባልቀው አንድ ረጅም ሊስት ሆነው ይደርሳሉ፣ የመጀመሪያው የት እንዳበቃ አይታወቅም። ለያይቶ ለማድረስ ሪፈረንስ መስጠት ግድ ነው። በ1994 የወጣው ፐርል 5 ሪፈረንስን ሲያመጣ ትልቅ እፎይታ የሆነው በዚህና ሊስት ውስጥ ሊስት ማስቀመጥ በማስቻሉ ነው። በጣም ወደኋላ ከሄድን ፎርትራን ሁሉንም ነገር በአድራሻ ነበር የሚሰጠው። አንዳንድ የድሮ ኮምፓይለሮች ላይ ቁጥር 4ን ለፈንክሽን ሰጥታችሁ ፈንክሽኑ 5 ቢያደርገው ከዚያ በኋላ ኮዱ ውስጥ ያለው 4 ሁሉ 5 ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር!

ኮፒ ሠርቶ አዲስ መመለስ

እኔ ሌላ ምክንያት ከሌለኝ የምመርጠው ይሄን ነው። ፈንክሽኑ የተሰጠውን አይነካም። አዲስ ሊስት ሠርቶ፣ የተቀነሰውን ዋጋ እዚያ ላይ ጽፎ፣ ሪተርን ያደርጋል፣ ማለትም ለጠራው ይመልሳል። የጠራው ሰው ከፈለገ ይቀበለዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ኮዱን ከስድስት ወር በኋላ ስትከፍቱት ዋጋው የት እንደሚቀየር ለማወቅ ሁሉንም ፈንክሽን ማንበብ አይጠበቅባችሁም።

ፈንክሽን ሁሉ ኮፒ ከሠራ ፕሮግራሙ አይዘገይም ወይ የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እንያው። በ64 ቢት ፓይተን ላይ ሊስት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቦታ 8 ባይት ነው፣ ምክንያቱም የተቀመጠው ብጣሹ እንጂ ዕቃው አይደለም። አንድ ሚሊዮን ዕቃ ያለው ሊስት ሲገለበጥ ወደ 8 ሜጋባይት ይወስዳል። ይህ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ከሆነ ያስጨንቃል። የሃጂ ሱቅ ያለው ግን 400 የዕቃ ዓይነት ነው። ለ400 ዕቃ ስለ ፍጥነት መጨነቅ ከከዚራ እስከ መጋላ ለመሄድ ባቡር መጠበቅ ነው፣ በእግር ይደረሳል።

ትልቁ ወጥመድ ፍጥነቱ አይደለም፣ የኮፒው ጥልቀት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የዱቤ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አነሳችሁ እንበል። ገጹ ላይ «የአብዲን ሒሳብ ቀዩ ደብተር ላይ እይ» የሚል አለ። ፎቶ ኮፒው ላይም ያው ጽሑፍ ይወጣል። ቀዩ ደብተር ግን አሁንም አንድ ነው። ፎቶ ኮፒውን የያዘው ሰው ሄዶ ቀዩ ላይ ቢሰርዝ ዋናውን የያዘውም የተሰረዘውን ያያል። ሻሎ ኮፒ የሚባለው ይሄ ነው። የፓይተን ሊስት ኮፒም፣ ጃቫስክሪፕት ላይ በሦስት ነጥብ የምንዘረግፈውም እንደዚሁ ናቸው፣ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ይገለብጣሉ።

የኔን ስህተት መጀመሪያ ላስተካክል ስል እዚሁ ላይ እንደገና ወደቅኩ። የዋጋ ሊስቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ ዲክሽነሪ ነበር፣ ስምና ዋጋ የያዘ። ሊስቱን ኮፒ አደረግኩ፣ ተደሰትኩ፣ ሞከርኩት፣ ዋጋው አሁንም ወረደ። ሊስቱ ሁለት ሆኗል፣ ውስጡ ያሉት ዲክሽነሪዎች ግን ያው የበፊቶቹ ናቸው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ዲፕ ኮፒ ነው፣ ቀዩን ደብተር ጨምሮ እስከ ታች ይገለብጣል። ፓይተን ላይ ኮፒ የተባለው ሞጁል ውስጥ አለ፣ ጃቫስክሪፕት ላይ ስትራክቸርድክሎን የሚባል አለ። ቀላል ነው ግን የማያስፈልገውንም ሁሉ ይገለብጣል፣ ከሻሎው በጣም ይዘገያል። ሁለተኛው የምትቀይሩትን ክፍል ብቻ አዲስ አድርጎ መሥራት ነው። ለያንዳንዱ ዕቃ አዲስ ዲክሽነሪ፣ የድሮው ስም፣ አዲሱ ዋጋ። እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው፣ የሚቀየረው ነገር ኮዱ ላይ በግልጽ ይታያል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ለሳምንት ሽያጭ ሠንጠረዥ ፈልጋችሁ ፓይተን ላይ አንድ ባዶ ረድፍ ሠርታችሁ በ7 ብታባዙት ሰባት ረድፍ አይደለም ያገኛችሁት። አንድ ረድፍ፣ ሰባት ብጣሽ ነው። ሰኞ የጻፋችሁት ሽያጭ እስከ እሑድ ሁሉም ቀን ላይ ይወጣል።

ዋናውን ሰጥቶ ማስቀየር

አንዳንዴ የምትፈልጉት መቀየሩን ነው። ዕቃ ሲሸጥ ከስቶክ መቀነስ አለበት፣ ሁሉም የፕሮግራሙ ክፍል ያንን ቀንሶ ማየት አለበት። እዚህ ላይ ኮፒ ብትሠሩ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ ካሸሩ ሸጦ ስቶኩ ግን አልቀነሰም። ሊስቱም በጣም ትልቅ ከሆነ ዋናው ላይ መሥራት ትክክል ነው።

የምለምናችሁ ፈንክሽኑ ስሙ ላይ ይናገር። «ዋጋ» የሚል ፈንክሽን ዋጋ መቀየር የለበትም። «ከስቶክ ቀንስ» የሚል ግን ቢቀንስ ማንም አይገረምም። ሌላው፣ ዋናውን የሚቀይር ፈንክሽን ያንኑ ሊስት መልሶ ሪተርን ባያደርግ ጥሩ ነው፣ አንባቢው አዲስ የተሠራ ይመስለዋልና። ፓይተን ራሱ ይህን ሥርዓት ይከተላል። ሶርት ዋናውን ሊስት ይደረድርና ምንም አይመልስም፣ ሶርትድ ደግሞ ዋናውን ሳይነካ አዲስ ይመልሳል። ጃቫስክሪፕት ግን ሶርት ዋናውን ደርድሮ ያንኑ ይመልሳል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው። በ2023 ቱሶርትድ የሚል ተጨምሮ ነገሩ ተሻሽሏል።

ፓይተን ላይ ለፓራሜትር ባዶ ሊስትን ዲፎልት (ጠሪው ምንም ካልሰጠ የሚወሰድ) አድርጋችሁ አትስጡ። ያ ሊስት የሚሠራው ፈንክሽኑ ሲፈጠር አንድ ጊዜ ነው፣ በተጠራ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንበኛ የገዛው ዕቃ ሁለተኛው ደንበኛ ዘንቢል ውስጥ ይገኛል። ዲፎልቱን ነን (ፓይተን ላይ «ምንም የለም» ማለት ነው) አድርጉትና ነን ሲሆን ውስጥ አዲስ ሊስት ሥሩ። ጃቫስክሪፕት በየጥሪው አዲስ ስለሚሠራ እዚያ ይህ ሥጋት የለም።

ግሎባል

ግሎባል ማለት ከፈንክሽኖች ውጭ ተቀምጦ ሁሉም የሚደርስበት ቫሪያብል ነው። ድሬ ያደገ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቃል። አሸዋው ደርቆ፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ከሆነ ውሃው ይመጣል። የሚቀያየር ግሎባል እንደዚያ ነው። ችግሩ የሚታይበት ቦታና የተነሳበት ቦታ ይራራቃሉ፣ ሃምሳ ፈንክሽን ካላችሁ ሃምሳውም ሊያደርጉት ይችላሉ።

የማይቀየር ነገር ከሆነ ግን ግሎባል ምንም አይልም። የቫት መጠን 15 በመቶ፣ የሱቁ ስም፣ የደረሰኙ ስፋት፣ እነዚህን ለሁሉም ፈንክሽን እየዞሩ ማቀበል ድካም ነው። ከላይ በአንድ ቦታ ጻፏቸውና ሁሉም ያንብባቸው። ፓይተን ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፤ ፈንክሽን ውስጥ ግሎባሉን አዲስ ዋጋ ለመስጠት ግሎባል የሚለውን ቃል መጻፍ አለባችሁ፣ ግሎባል የሆነ ሊስት ላይ ዕቃ ለመጨመር ግን ምንም መጻፍ አያስፈልግም። ብጣሹን ካስታወሳችሁ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ብጣሹን መቀየር ነው፣ ሌላው ደብተሩ ላይ መጻፍ።

ዳታውንና ፈንክሽኑን አንድ ላይ ማሰር

አራት አምስት ፈንክሽኖች አንድ ዳታ እየተቀባበሉ ከሆነ ክላስ፣ ማለትም ዳታውንና ፈንክሽኖቹን አንድ ላይ የሚይዝ ቅርጽ፣ ሥሩላቸው። «ሱቅ» የሚል ክላስ፣ ስቶኩ ውስጡ፣ የሚቀንሱትና የሚጨምሩት ፈንክሽኖች አብረውት። እንደ ግሎባል ሁሉም ያገኘዋል፣ ግን የሚነካው በር ይታወቃል። ልክ እንደ ጀጎል ነው፣ ሰው ሁሉ ይገባል፣ የሚገባው ግን በበሩ ነው። ነገሩ ትንሽ ከሆነ ክሎዠር፣ ማለትም የራሱን ዳታ ይዞ የሚኖር ፈንክሽን፣ ይበቃል፣ ለምሳሌ የደረሰኝ ቁጥር የሚቆጥር አንድ ፈንክሽን።

ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ክላሱ «ስቶኩን አሳየኝ» ሲባል የውስጡን ሊስት ራሱን ሪተርን ካደረገ ብጣሹን ለውጭ ሰው ሰጠ ማለት ነው። በሩን ዘግታችሁ ግድግዳውን ከፈታችሁ። ስታሳዩ ኮፒ አሳዩ።

ሁለት ካሸሮች በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይበቃም። ሁለቱም ስቶክ 10 ብለው ያነባሉ፣ ሁለቱም አንድ ይሸጣሉ፣ ሁለቱም 9 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ካርቶን ወጥቷል፣ መዝገቡ ላይ የጎደለው አንድ ነው። እዚያ ከደረሳችሁ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቡትና በትራንዛክሽን፣ ማለትም ማንበቡና መጻፉ ሌላ ሳይገባበት እንደ አንድ ሥራ በሚፈጸምበት መንገድ፣ ቀንሱ፣ በራሳችሁ ቫሪያብል አትታገሉ። ረስት የተባለው ቋንቋ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ነው የያዘው። ለአንድ ዳታ ወይ ብዙ አንባቢ ወይ አንድ ጸሐፊ ብቻ ይፈቅዳል፣ ይህን የሚጥስ ኮድ ኮምፓይል አይሆንም። ለመማር ስለሚከብድ ግን ለሱቅ ፕሮግራም አላዝዘውም።

እኔ እንዴት እመርጣለሁ

ፈንክሽን ከመጻፌ በፊት የምጠይቀው የሃጂን ጥያቄ ነው። ይህ ነገር ቢቀየር ሌላ ማን ማየት አለበት? ማንም ማየት ከሌለበት አዲስ ሠርቼ እመልሳለሁ። ሁሉም ማየት ካለበት ዋናውን እሰጣለሁ፣ ስሙን በግሥ አደርገዋለሁ። ማየት ያለባቸው የተወሰኑ ፈንክሽኖች ከሆኑ ክላስ። ፈጽሞ የማይቀየር ከሆነ ግሎባል።

ከጻፍኩ በኋላ ደግሞ አንድ ፈተና አለኝ፣ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ያንኑ ፈንክሽን በዚያው ዳታ ሁለት ጊዜ እጠራዋለሁ። ውጤቱ ከተለያየ አንድ ነገር እየተነካ ነው። በተጨማሪ ከመጥራቴ በፊት የዳታውን ዲፕ ኮፒ አስቀምጬ ከጠራሁ በኋላ አወዳድራለሁ። የሱቁን ስህተት ይህ ፈተና በመጀመሪያው ቀን ይይዘው ነበር።

የሃጂን ኮድ በመጨረሻ ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። የቅናሹ ፈንክሽን አዲስ ሊስት ከአዲስ ዲክሽነሪዎች ጋር ሠርቶ ይመልሳል፣ ዋናውን የዋጋ ሊስት አይነካም። «ከስቶክ ቀንስ» ብቻ ዋናውን ይዞ ቀረ። ቅናሹን ሃጂ ፊት ሦስት ጊዜ አስኬድኩት፣ 950፣ 950፣ 950 ወጣ። ከዚያ የዋጋ ገጹን ከፈትኩላቸው፣ ፓስታው 1000 ብር ላይ ነበር።